ፋይል እንዳይተኛ

ስሜን አልነግራችሁም፤ የሠራሁበትንም ግቢ አልጠራም። በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ውስጥ ለዓመታት ተቀምጬ የሰው ዕድል በክላሰር ተጠርዞ ሲገባና ሲወጣ አይቻለሁ ካልኳችሁ ይበቃል። አሁን ዳባት ነኝ። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወጣው መንገድ ዳር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጥግ ላይ ጠረጴዛ ይዤ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎርም እሞላለሁ። የመሬት ክርክር ያለበት ገበሬ ይመጣል፤ ጡረታው የዘገየበት መምህር ይመጣል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ጠዋት ጠዋት፣ ብርዱ ገና ሳይለቅ፣ እጃቸውን ጃኬታቸው ውስጥ ቀብረው በሩ ላይ የሚጠብቁኝ፣ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዩኒቨርሲቲ መዛወር የሚፈልጉ የአለምዋጭ ስደተኞች መጠለያ ልጆች ናቸው።

የውስጥ ሰው ብቻ የሚያውቀውን ነገር ሹክ ልበላችሁ። ዩኒቨርሲቲ የዝውውር ጥያቄን አይከለክልም። ያስተኛል። «አይቻልም» ብሎ መጻፍ ፊርማ ይጠይቃል፤ ፊርማው ደግሞ ነገ «በየትኛው አንቀጽ ነው የከለከልከው?» ያስብላል። «ይቻላል» ማለትም ፊርማ ነው፤ ኦዲተር የመጣ ዕለት መልስ ይፈልጋል። የማያስጠይቅ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ፋይሉን «ይታያል» ብሎ ወደ ጎን ማድረግ። እኔ ራሴ ስንቱን ወደ ጎን አድርጌአለሁ! ክፋት አልነበረም። ፊቴ አርባ ፋይል ተቆልሎ፣ አንዱ ስልክ የሚያስደውል፣ ሦስት ቢሮ የሚያዞር ሆኖ ሳገኘው እጄ ሳላዘው ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ለነዚህ ልጆች የምሠራላቸው ነገር ሲጠቀለል ይኼው ነው፦ ፋይሉን ለሚከፍተው ሰው ሥራ እንዳይተርፈው ማድረግ።

አንዱን ልጅ ይዤ ላስረዳችሁ። ስሙ ይቅር። መስከረም 2011 ላይ የኢትዮጵያና የኤርትራ ድንበር ሲከፈት ከኤርትራ ከተሻገሩት ብዙ ሺ ሰዎች አንዱ ነው። ያኔ አሥራ አራት ዓመቱ ነበር፤ ብቻውን ነው የመጣው። ማይ ዓይኒ መጠለያ ገባ፤ ዘጠነኛና አሥረኛን እዚያው ተማረ። ከዚያ ጥቅምት 2013 መጣ። ሽመልባና ሕጻጽ የሚባሉት መጠለያዎች በጦርነቱ ወደሙ፤ ማይ ጸብሪ አካባቢ ያሉት ማይ ዓይኒና ዓዲ ሓሩሽ በተኩስ መሀል ቀሩ። ለነሱ ነው ዳባት አጠገብ አለምዋጭ የተሠራው፤ ሲታሰብ ለ25 ሺ ሰው ነበር። ልጁ በአዲ አርቃይና በዛሪማ አድርጎ፣ ጣልያን በድንጋይ የጠረበውን የሊማሊሞ መንገድ ሽቅብ ወጣ። ከቆላ የመጣ ሰው ደባርቅ ላይ ሲወርድ መጀመሪያ የሚጠይቀው ምንድን ነው? ጋቢ።

ዳባት ደግሞ በዚያ ሰሞን እንግዳ የመቀበል ጉልበት ያላት ከተማ አልነበረችም። ነሐሴ 2013 ጦርነቱ ወረዳችን ድረስ መጥቶ ጭና ላይ ንጹሐን ተገድለዋል፤ ለቅሶው ገና አልወጣም ነበር። ይህን የማነሳው ኋላ የማወራው ነገር ስላለ ነው።

ልጁ አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛን እዚህ ጨረሰ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የነበረበት ዓመት በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ የቆየበት ነው። በየፎቶ ኮፒ ቤቱ የሚዞረውን የድሮ ፈተና ወረቀት እየገለበጠ አጠና። በ2016 ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በአገሪቱ 5.4 በመቶ ናቸው፤ እሱ ከነሱ ውስጥ ነው። (በ2014 ይኸው ቁጥር 3.3 ነበር። በ2017 ወደ 8.4 ከፍ ብሏል።) ከዚያ ከአዳዲሶቹ ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ ፍሬሽማን ሆኖ ዓመቱን ጨረሰ። ውጤቱ ጥሩ ነው። በክረምቱ ተመልሶ መጣና ከጠረጴዛዬ ፊት ቆመ።

«አያ፣ ዝውውር እፈልጋለሁ።»

አያ የሚለኝ በትግርኛው ነው፤ እኔ የምሰማው በጎንደርኛው። ለሁለታችንም ይሠራል።

የፈለገው ከስምንቱ አንዱን ነው። ስምንቱ የሚባሉት በምርምር ዩኒቨርሲቲነት የተመደቡት ናቸው፦ አዲስ አበባ፣ ጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ ጅማ፣ ሐዋሳ፣ ሐረማያ፣ አርባ ምንጭ፣ መቀሌ። የተማረበት ግቢ «ኮምፕሬሄንሲቭ» ከሚባሉት ምድብ ነው፤ እንደ ደባርቅ ያሉት፣ በ2010 የጀመሩት የአራተኛው ትውልድ ዩኒቨርሲቲዎች የሚገኙበት ምድብ። የሚፈልገው ዲፓርትመንት እዚያ የለም። ምክንያቱ ይኼ ብቻ ነው ብሎኝ ነበር። ቆይቶ ሌላም ተናገረ፤ «የስደተኛ ልጅ ባገኘበት ይማር ሲባል ሰለቸኝ» አለ። ይህን ማመልከቻው ላይ እንዳይጽፍ ከለከልኩት እንጂ እኔስ ወድጄለታለሁ።

ወረቀቱን አምጣ አልኩት። ላስቲክ ፌስታል ውስጥ፣ በሌላ ፌስታል ተጠቅልሎ አመጣው። አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ገና ሦስተኛውን ሳነሳ ሳቄ መጣ።

«አንተ ልጅ፣ ስንት ዓመትህ ነው?»

«ሃያ አንድ።»

«በዩኒቨርሲቲህ ኮምፒውተር አሥራ ሦስት ነህ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤርትራ የምትጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። የልደት ወረቀቱ 12/05/2004 ይላል። የመጠለያው ምዝገባም ያንኑ 2004 ይዟል። የዳባት ትምህርት ቤት በትክክል ቀይሮ ግንቦት 4 ቀን 1996 ብሎ ጻፈለት። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ግን ፎርም የሞላለት ሰው ከመጠለያው ወረቀት 2004ን አንስቶ፣ በእኛ አቆጣጠር በሚሞላው ሳጥን ውስጥ እንዳለ ከተተው። ስምንት ዓመት ተቀነሰለት። አንዱ ወረቀት ላይ ደግሞ ቀኑና ወሩ ቦታ ተቀያይረው የዲሴምበር ልጅ ሆኗል። ተቀባዩ ግቢ ውስጥ ያለ ሠራተኛ ይህን ሲያይ ምን ያስባል? የአቆጣጠር ስሕተት ነው ብሎ ወረቀት አምጥቶ አያሰላም። «ይኼ ሰነድ የማን ነው?» ይላል። የተጭበረበረ ማስረጃ አገሩን ባጥለቀለቀበት ዘመን፣ ሬጅስትራር ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሌሊት የሚያባንነው ሐሰተኛ ሰነድ አሳልፎ መገኘት ነው። ፋይሉ እዚያችው ላይ ተኛ ማለት ነው።

ስሙም የራሱ ጣጣ አለው። ስሙን አልጠራም እንጂ ተስፋልደት ዓይነት ስም ነው፤ ባንድ ትንፋሽ የሚጠራ፣ ባንድ ቃል የሚጻፍ። አንድ ቀን አንድ ሰው ሁለት ቦታ ቆርጦ ጻፈው፤ የስሙ ጭራ የአባት ስም ሆነ፣ አባቱ ወደ አያትነት ከፍ አሉ፣ አያቱ ከወረቀት ወደቁ። በላቲን ፊደል ሲሆን ደግሞ አንዱ ጋ አንድ አናባቢ ተጨምሯል፣ ሌላው ጋ ተቀንሷል። አምስት ወረቀት ላይ አራት ሰው ቆጠርኩ።

ልጆቹ እዚህ ሲደርሱ የሚያደርጉትን አውቃለሁ። እያንዳንዱን ወረቀት ለማሳረም ይሮጣሉ። አንዱ ሲታረም ሌላው ጋ አይገጥምም፤ ያልነበረ ፍቅፋቂ ይመጣል፤ ያኔ እውነተኛው ሰነድ ራሱ ሐሰተኛ ይመስላል። እኔ የማስደርገው አንድ ነገር ነው። ስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት ሄዶ፣ እነዚህ አጻጻፎች በሙሉ የአንድ ሰው መሆናቸውን፣ የልደት ቀኑም በሁለቱም አቆጣጠር ይህ መሆኑን የሚገልጽ አንድ ደብዳቤ ያወጣል፤ ቁጥርና ማኅተም ያለው። ያ ደብዳቤ ከፋይሉ ሁሉ በላይ፣ የመጀመሪያው ገጽ ሆኖ ይገባል። ከፋቹ ልዩነቱን ከማየቱ በፊት ማብራሪያውን ያያል። ከኋላ ቢሆን ኖሮ ተጠርጥሮ የሚነበብ ነበር። ቅደም ተከተል ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ በውስጥ ላለነው ግን ግማሹ ጉዳይ እሷ ናት።

የማይ ዓይኒው የዘጠነኛና የአሥረኛ ውጤት ከጦርነቱ ወዲያ ማዶ ቀርቷል። «የሚያውቁኝ መምህር ቢጽፉልኝስ?» አለኝ። ተው አልኩት። የጎደለ ወረቀት አንድ ጥያቄ ያስነሳል፤ ለመሙላት የተፈለገ ወረቀት አሥር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቱ እኮ በመለያ ቁጥሩ ኮምፒውተር ላይ ይገኛል፤ ማንም ጠቅ አድርጎ ያየዋል። ያንን ቁጥር ማመልከቻው ራስጌ ላይ አሰፈርኩለት።

ከሱ የሚበልጡት ግን ከዚህም ይከፋባቸዋል። ኤርትራ ውስጥ ከ2003 ጀምሮ (በእነሱ አቆጣጠር ነው፤ እኔም ለመድኩት) አሥራ ሁለተኛ ክፍል የሚማሩት ሳዋ፣ ወታደራዊ ማሠልጠኛው ውስጥ ነው። ከዚያ የሸሸ ሰው ውጤቱን ላኩልኝ ብሎ ለማን ይጽፋል? አንዳንዱ እዚህ መጥቶ በሃያ አምስት ዓመቱ ከአሥራዎቹ ልጆች ጋር አሥራ ሁለተኛን እንደ አዲስ ይቀመጣል። እንደነዚህ ያሉትን ሳይ የአሥመራ ዩኒቨርሲቲ ራሱ ትዝ ይለኛል። በ1958 (ይህና ቀጥለው ያሉት ዓመታትም በእነሱ አቆጣጠር ናቸው) በካቶሊክ መነኮሳይያት የተጀመረ ግቢ ነው። ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው፣ በ1990፣ መምህራኑንና ሊነሣ የሚችለውን ዕቃ አስጭኖ ባሌ፣ አጋርፋ አወረደው። ዩኒቨርሲቲ ሙሉውን ተዛወረ እኮ! ማንም ክሊራንስ አልጠየቀውም። ከነጻነት በኋላ አሥመራ ላይ እንደገና ተከፍቶ፣ 2006 ሲደርስ ደግሞ ተማሪ መቀበሉን አቁሞ በየቦታው በተበተኑ ኮሌጆች ተተካ። የነዚህ ልጆች ታላላቆች የተማሩበት ግቢ ዛሬ በወረቀት ላይ ነው።

ወደ ማመልከቻው ልመለስ። ልጁ ራሱ የጻፈውን ይዞ መጥቶ ነበር፤ አራት ገጽ። እያነበብኩ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ አንብቤ ስጨርስ ግን ይህ አይሆንም አልኩት። ከድንበሩ ይጀምራል፣ ወንድሙን ያነሣል፣ ማይ ዓይኒ ላይ የጾመበትን ቀን ይቆጥራል፣ የተኩሱን ሌሊት ይተርካል። የዝውውሩ ጉዳይ የመጣው አራተኛው ገጽ ታች ላይ፣ በሁለት መስመር ነው።

ጥፋቱ የሱ አይደለም። ከአሥራ አራት ዓመቱ ጀምሮ ጠረጴዛ ፊት በቆመ ቁጥር የተጠየቀው መከራውን ነው። ሬሽን ለማግኘት መከራ፣ ሦስተኛ አገር ለመሄድ መከራ፣ የጽሕፈት ቁሳቁስ ለማግኘት እንኳ መከራ። መከራ በደንብ የተረከ ያልፋል፤ ያልተረከ ይመለሳል። ዩኒቨርሲቲ ግን ሌላ አገር ነው። የአካዳሚክ ኮሚሽን አባል፣ ክፍል አስተምሮ ደክሞ የገባ መምህር፣ አራት ገጽ ለቅሶ ሲያገኝ ይፈራል። ያዝናል፤ አዝኖ ግን «ይህ ጉዳይ ከእኔ በላይ ነው» ይላል። ከእኔ በላይ የተባለ ፋይል ደግሞ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ወደ ላይ የሄደ በዚያው ይቀራል።

አንድ ገጽ አድርገን ጻፍነው። ጉዳዩ፦ ዝውውር እንዲፈቀድልኝ ስለመጠየቅ። በመጀመሪያው አንቀጽ የት ነኝ፣ ስንተኛ ዓመት፣ ድምር ውጤቴ ስንት። በሁለተኛው ወዴት፣ ለምን፤ የምፈልገው ዲፓርትመንት አሁን ባለሁበት ስለሌለ። በሦስተኛው ወጪዬን ማን እንደሚሸፍንና የት እንደማድር። ተያያዥ ገጾች ስንት እንደሆኑ በቁጥር። ከታች ግልባጭ። ስለ ስደተኛነቱ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ፣ ከነምዝገባ ቁጥሩ። ልጁ አንብቦ ዝም አለ።

«ምነው?»

«እኔን አይመስልም።»

እውነቱን ነው። ደግሜ አሰብኩበትና አራቱን ገጽ አጥፎ እንዲያስቀምጠው ነገርኩት። የውጭ ዩኒቨርሲቲ አንድ ቀን ይጠይቀዋል። እዚያ ሰው ታሪኩን ጻፍ ይባላል፤ አሜሪካ ከኮሚኒቲ ኮሌጅ ወደ ትልልቆቹ የሚዛወሩ የእኛ ልጆች የሚደክሙት በዚያች ድርሰት ላይ ነው። ጣልያኖችም በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2019 ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ ያሉ ስደተኞችን ለማስተርስ የሚወስዱበት የዩኒቨርሲቲ ኮሪደር የሚባል መንገድ አላቸው፤ ያ ግን የመጀመሪያ ዲግሪውን ለጨረሰ ነው። እኛ ዘንድ ማመልከቻ ድርሰት አይደለም። የፈረመ ሰው ነገ «ለምን ፈረምክ?» ቢባል አውጥቶ የሚያሳየው ጋሻ ነው።

ስለ ግልባጭ አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህችን ለማንም አትንገሩ። ደብዳቤ ግርጌ ላይ «ግልባጭ» ብሎ የሌላ መሥሪያ ቤት ስም ያለበት ፋይል ከሌለበት ቶሎ ይነሣል። ያ መሥሪያ ቤት አንብቦት ላያውቅ ይችላል። ግን «ሌላም ሰው ያውቃል» የሚል ሐሳብ አእምሮ ውስጥ ይገባል። እኔ ራሴ ግልባጭ ያለበትን አስቀድም ነበር፤ ለምን እንደሆነ የገባኝ ከወጣሁ በኋላ ነው።

ጊዜውም አለ። ልጁ ዕድለኛ የሆነው በዚህ ነው፤ ገና አንደኛ ዓመትን መጨረሱ ነው። ከ2012 ወዲህ የፍሬሽማን ኮርሶች በአገሪቱ ሁሉ አንድ ናቸው። ደባርቅ የተማረው ጄኔራል ሳይኮሎጂ ጅማ ከተማረው ጋር በስም፣ በኮድ፣ በክሬዲት ይገጥማል። የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊው፣ ክሪቲካል ቲንኪንጉ፣ ኮሚዩኒኬቲቭ ኢንግሊሹም እንዲሁ። የተቀባዩ ዲፓርትመንት ሰው ሁለት ትራንስክሪፕት ጎን ለጎን አስቀምጦ በጣቱ እየወረደ «ይገጥማል፣ ይገጥማል» ይላል። ሁለተኛ ዓመት ከገባ በኋላ ግን እያንዳንዱ ግቢ ኮርሱን በራሱ መንገድ ይቀጥላል። ያኔ ማመሳከር የሚባል ሥራ ይመጣል፤ የኮርስ ዝርዝር ይፈለጋል፣ መምህር ይፈልጋል፣ ስብሰባ ይጠራል። «ሁለተኛ ዓመትን ጨርሼ ውጤቴን ከፍ አድርጌ ልጠይቅ» የሚሉ ጎበዞች አሉ። ጎበዝነታቸው ነው የሚጎዳቸው።

ትራንስክሪፕቱን ደግሞ በእጁ ይዞ እንዳይሄድ። በእጅ የያዘው «ስቱደንት ኮፒ» ነው፤ ለማሳያ እንጂ ለውሳኔ አይሆንም። ዋናው ከግቢ ወደ ግቢ፣ ታሽጎ፣ እሽጉ ላይ ማኅተም አርፎበት ይሄዳል። መንገድ በተዘጋ ሰሞን ፖስታ የት እንደሚያድር እግዜር ይወቀው፤ ስለዚህ የታሸገውን ራሱ ተሸክሞ እንዲያደርስ የላኪውን ግቢ ማስፈቀድ ይቻላል። እንዳትከፍተው ብዬ ሦስት ጊዜ ነገርኩት። የተከፈተ እሽግ ወረቀት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ምሥጢር መጣሁ። ለዝውውር ጠያቂ የሚሰጠው መልስ «ቦታ የለም» ነው። ሰዉ ቦታ ሲባል የክፍል ወንበር ይመስለዋል። አይደለም፤ አልጋ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪውን ያሳድራል፣ ያበላል፤ በጀቱም የተሠራው በተመደበለት ሰው ልክ ነው። ክፍል ውስጥ አንድ ወንበር መጨመር ምንም አይደለም። ዶርም ውስጥ አንድ አልጋ መጨመር ግን የሌላ ቢሮ ፊርማ ይፈልጋል፤ ካፌው ውስጥ አንድ አፍ መጨመርም የሌላ። ሦስተኛውን አንቀጽ የጻፍኩት ለዚህ ነው። አለምዋጭ አብሮት የነበረ አንድ ልጅ እዚያ ከተማ ተከራይቶ ይኖራል፤ ከሱ ጋር ያድራል፣ ነን-ካፌ ይሆናል። ያቺ አንቀጽ ሁለት ቢሮ ዘለለች።

ወጪውስ? ሕጉ አለ። አዋጅ 1110/2011 ስደተኛ የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን እንደ ዜጋ እንዲማር ይፈቅዳል፤ ከፍተኛ ትምህርት ላይ ሲደርስ ግን ያለው ሀብት በፈቀደ መጠን ይላል። እኔ ይህን ሐረግ ሳነብ የጠረጴዛ መሳቢያ ሲዘጋ የሚያሰማው ድምፅ ይመጣብኛል። በ2009 መባቻ፣ ኒው ዮርክ ላይ በተጠራው የመሪዎች ጉባኤ፣ ኢትዮጵያ ለስደተኞች ከገባቻቸው ዘጠኝ ቃሎች አንዱ ትምህርት ነበር። በዓለም ደረጃም በአውሮፓ አቆጣጠር እስከ 2030 ድረስ ከስደተኛ ወጣቶች 15 በመቶው ከፍተኛ ትምህርት ይግባ የሚል ግብ ተይዟል። ዳፊ የሚባለው፣ ጀርመኖች በነሱ አቆጣጠር በ1992 ያስጀመሩት ስኮላርሺፕም አለ። እሱ ያለው ልጅ ግን ከዝውውሩ በፊት ለሰጪው ያሳውቅና ያስፈቅድ፤ ግቢ ቀይሮ ገንዘቡ የተቋረጠበት ሰው ፊቴ ተቀምጦ አልቅሷል።

«አዲስ አበባስ?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአገሪቱ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል። እዚያ መሄድ የፈለገ ልጅ ዝውውር እያለ ዓመት ከሚያባክን ማስታወቂያውን ጠብቆ ፈተናውን ይቀመጥ። ያንን በር የሚከፍተው እንደኔ ያለ ማመልከቻ ጸሐፊ አይደለም፤ ከአፌ እንጀራ ነጠቃችሁ እንጂ ነገሩ ይኸው ነው።

አሁን ያቆየኋትን ላንሣ። ማመልከቻውን በምንጽፍበት ቀን አንዲት ጎረቤቴ ፎቶ ኮፒ ልታስነሣ ገብታ ቆማ ሰማችን። ልጇ በፈተናው 47 አምጥታ ሪሚዲያል ናት። ልጁ እስኪወጣ ጠበቀችና «እንግዲህ የሰው አገር ልጅ ከትንሽ ግቢ ወደ ትልቅ ግቢ ይመረጥለት፤ የኛዎቹስ?» አለችኝ። ጥያቄዋ የክፋት አይደለም። የጭና ሰው፣ የዛሪማ ሰው፣ ከብቱን የተነጠቀ፣ ትምህርት ቤቱ የፈረሰበት ሰው ነው የምትጠይቀው። ልጁ በቀጥታ የሷን ልጅ ወንበር እንደማይወስድ አስረዳኋት፤ የዝውውር ቦታ የሚገኘው ከተባረረና ካቋረጠ ተማሪ ነው፣ ምደባ ውስጥ አይገባም። አልተቀበለችኝም፤ አልፈርድባትም። አንድ ነገር ግን አለች፤ «ሲፈልጉ ያዛውራሉ አይደል እንዴ? የመቀሌዎቹን ጊዜ በሺ የሚቆጠር ተማሪ በአንድ ማስታወቂያ አላዛወሩም?» አዎ፤ አዛውረዋል። በ2013 ክረምት ከትግራይ ዩኒቨርሲቲዎች የወጡት ተማሪዎች በየግቢው ተደልድለዋል፤ ስንቱ ያለ ሙሉ ሰነድ። ያኔ አልጋውም ተገኘ፣ ኮርሱም ተመሳከረ። እኔም በዚያ ሰሞን ጽሕፈት ቤት ነበርኩ፤ እስከ ማታ ሁለት ሰዓት እየሠራን አንድም ፋይል አልተኛም። ጎረቤቴ ሳታውቀው የልጁ ጠበቃ ሆነች። የልጇንም ፎርም በነጻ ሞላሁላት፤ እንዳትቀየመኝ ብዬም ነው።

ክሊራንሱን ለመጨረስ ልጁ ስድስት ፊርማ ዞረ፤ ቤተ መጻሕፍት፣ ዶርም፣ ካፌ፣ ስፖርት፣ ዲፓርትመንት፣ ሬጅስትራር። ስፖርት ክፍሉ ያልወሰደውን ኳስ መልስ አለው። ይህን ሁሉ አገር የሚያውቀው ስለሆነ አላስረዝመውም። የይለፍ ወረቀቱን አወጣ፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን ለሁለት ቀን አጣራን፣ ሦስተኛው ቀን ላይ ሚኒባስ ተገኘ።

ከመሄዱ በፊት የመጨረሻዋን ነገር ነገርኩት፤ ከሁሉ ትልቋ እሷ ናት። ፋይሉን ለሬጅስትራር ሰው በእጅ ሰጥተህ እንዳትወጣ። «ተወው፣ እኔ አደርሰዋለሁ» የሚል ደግ ሰው ይገኛል፤ ከደግ ሰው ተጠንቀቅ። መዝገብ ቤት ውረድ። ገቢ ሆኖ ቁጥር ይሰጠው፣ ቀን ይጻፍበት። ቁጥር የሌለው ወረቀት አልገባም፤ ቢጠፋም አልጠፋም፤ ስለሌለ። ቁጥር ካለው ግን ማንም ሰው «አላየሁትም» አይልህም፤ መዝገቡ ላይ ማን እንደተረከበው ፊርማ አለ። በየሳምንቱ ደውለህ «ጉዳዬ ምን ደረሰ?» አትበል። «ቁጥሩ ይህ የሆነ ደብዳቤ አሁን ማን ጋ ነው?» በል። የመጀመሪያውን የሚጠይቅ ባለ ጉዳይ ነው። ሁለተኛውን የሚጠይቅ የውስጥ ሰው ይመስላል።

«እሺ አያ» አለ። የታሸገውን ፖስታ ደረቱ ላይ፣ ከጃኬቱ ውስጥ አድርጎ ዚፑን እስከ አገጩ ዘጋው። ረዳቱ «ጎንደር! ጎንደር! አንድ ሰው!» እያለ በር ይመታል። ልጁ ገብቶ መስኮት አጠገብ ተቀመጠ፤ ሚኒባሱ በአምባ ጊዮርጊስ በኩል ቁልቁል ሄደ።

አራተኛው ቀን ላይ፣ ከሰዓት፣ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። የሱ ስልክ ባትሪ ጨርሶ፣ የሰው ለምኖ ነው። ከኋላው የግቢ ጫጫታ ይሰማል።

«አያ፣ መዝገብ ቤት ገባ! ቁጥር ሰጡኝ! መዳፌ ላይ ጽፌዋለሁ።»

«አንብብልኝ።» አነበበልኝ፤ ከጠረጴዛዬ ላይ የቡና ስኒውን ገፋ አድርጌ ካርቶን ላይ ጻፍኩት። «ቀኑስ? ቀን ጻፉበት?»

«ጽፈዋል።» ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ሳቁ መጣ። «አያ፣ በየትኛው አቆጣጠር ልንገርዎ?»